ኮሮና በመጣ ጊዜ ካንሰር የት ሄዶ ነበር?

በ2012 ዓ.ም. ከመጋቢት ወር በኋላ በብዙ አገር ሆስፒታሎች አንድ የሚገርም ነገር ታየ። አዲስ የሚመዘገበው የካንሰር ሕመምተኛ ቁጥር ቀነሰ። ላይ ላዩን ሲያዩት ደስ ይላል። ግን በሽታው ቀንሶ አይደለም። መርማሪው ወደ ኮሮና ሥራ ተመድቦ፣ ታማሚውም ፈርቶ ቤቱ ተቀምጦ ነው። ጡቷ ላይ እብጠት የዳሰሰች ሴት «እስቲ ይቺ ኮሮና ትለፍ» ብላ ቀረች። ጎረቤትም «አብሽሪ፣ ምንም አይደል» አላት። እብጠቱ ግን ዜና አይሰማም። ማደጉን ቀጠለ።

ያንን ጊዜ ዛሬ የማነሳው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። ወረርሽኝ ነገም ይመጣል። ኮሌራ ሊሆን ይችላል፣ ገና ስም ያልወጣለት የሳንባ በሽታም ሊሆን ይችላል። ወሎ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ነጋሪ አያስፈልጋትም። የኔን ሐሳብ አስቀድሜ ልናገር፦ ያኔ የካንሰር ሕመምተኛውን ከጎዱት ነገሮች ውስጥ መዘግየት ከቫይረሱ የሚያንስ አልነበረም። መዘግየትን ለማሳጠር በጥድፊያ የተወሰዱት አንዳንድ መፍትሔዎች ደግሞ ለወሎ ሰው ወረርሽኝ ባይኖርም ያስፈልጉት ነበር።

ከወረኢሉ እስከ ጥቁር አንበሳ

አንዲት እናት እናስብ። አገሯ ወረኢሉ ነው። ጡቷ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር ዳሰሰች። አያማትም፤ ስለማያማት ደግሞ ብዙም አልተጨነቀችም። ወራት አለፉና ጤና ጣቢያ ሄደች። ወደ ሆስፒታል ተላከች፤ ከዚያ ሪፈር ተጽፎላት ደሴ መጣች። ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ሕዝቡ ዛሬም ደሴ ሪፈራል የሚለው ማለት ነው። እዚያ በመርፌ ናሙና ተወሰደላት። ናሙናው በፓቶሎጂ ባለሙያ ታይቶ ውጤት እስኪመጣ ጠበቀች። ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና፣ ቀጥሎ በየሦስት ሳምንቱ ኬሞ (ካንሰርን የሚገድለው መድኃኒት)፣ ምናልባትም ቀጥሎ ጨረር አለ።

ኬሞ ደሴ ላይ ይሰጣል። ጨረር ግን በኮሮና ዘመን ደሴ አልነበረም። ለብዙ ዓመታት በመላው አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ሸዋሮቢት፣ ጣርማበር፣ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ነው አዲስ አበባ። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ወረፋው ወራት የሚያስጠብቅ ነበር። እንግዲህ ይህ ሁሉ ደህና በሚባለው ጊዜ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ ጫን ተባለ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ ወሎ ስትነሳ በቁምጥናና በዓይን ሕክምና የሚታወቀው ማለት ነው፣ የኮሮና ማከሚያ ሆነ። ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ ኦክስጅኑም ወደዚያ ዞረ። መዞሩ ትክክል ነበር፤ ሌላ ምን ይደረግ? ግን ለካንሰር ክፍሉ የተረፈው ያነሰ ሰውና ያነሰ አልጋ ነው።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2012 ዓ.ም. 155 አገሮችን ጠይቆ ነበር። ከመቶ 42ቱ የካንሰር ሕክምናችን በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ተቋርጧል አሉ። በኢትዮጵያ ደግሞ በዚያው ዓመት ከ77 ሺህ በላይ ሰው በአዲስ ካንሰር እንደሚያዝ፣ ከ51 ሺህ በላይ እንደሚሞት ተገምቶ ነበር። በሴቶች ዘንድ ከፊት የሚቀድሙት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ሁለቱም ቶሎ ከተደረሰባቸው የመዳን ዕድል ያላቸው መሆናቸው ነው የሚያንገበግበው።

በር ላይ ያለው ቴርሞሜትር

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንግባ። ኬሞ ሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል?

ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚራቡ፣ ማለትም የሚባዙ፣ ሕዋሳትን ይገድላል። ካንሰር ቶሎ ይራባል፤ ስለዚህ ይመታል። ግን መቅኒ ውስጥ ያሉት ደም የሚሠሩ ሕዋሳትም ቶሎ ይራባሉ። እነሱም አብረው ይመታሉ። ፀጉርም የሚረግፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ከሁሉ የሚያሳስበው ባክቴሪያን የሚዋጋው ነጭ የደም ሕዋስ መቀነሱ ነው። ብዙውን ጊዜ ኬሞ ከተወሰደ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በጣም ይወርዳል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይመለሳል። ሐኪሙ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የደም ልኬት የሚያዝዘው ለዚህ ነው። ሕዋሱ ካልተመለሰ ቀጣዩ ዙር ይገፋል።

በእነዚያ ዝቅተኛ ቀናት ትኩሳት ከመጣ ነገሩ ቀልድ አይደለም። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ድንገተኛ ነው። ሌላ ሰው ፓራሲታሞል ወስዶ ተሸፋፍኖ ይተኛበታል። የኬሞ ሕመምተኛ ግን ቶሎ፣ ቢቻል ሆስፒታል በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ማግኘት አለበት። ካልሆነ ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ተሰራጭቶ በአንድ ቀን ሊገድለው ይችላል።

አሁን ያንን ዘመን አስታውሱ። የየተቋሙ በር ላይ አንድ ጥበቃ ቆሞ ግንባር ላይ ቴርሞሜትር ይደቅናል። ትኩሳት ያለው ሰው «እዚህ ቁም» ይባላል። ከወረኢሉ የመጣችው እናት አሥረኛ ቀኗ ላይ 38 ተኩል ሆና ብትመጣ፣ ጥበቃው ምን ያውቃል? ኮሮና ነው ብሎ ወደ ለይቶ ማቆያ ይልካታል። የኮሮና ውጤቷ እስኪመጣ አንድ ቀን ካለፈ ያ ቀን የአንቲባዮቲኩ ቀን ነበር። እሷም ይህን ስለምትፈራ ትኩሳቷን ደብቃ ቤቷ ብትቀር ያው ነው። ሁለቱም መንገድ ክፉ ነው።

ደህና የተዘጋጁ ሆስፒታሎች ያደረጉት ቀላል ነገር ነው። ለኬሞ ሕመምተኛ «ይህ ሰው ኬሞ ላይ ነው፤ ትኩሳት ካለው ወዲያው ድንገተኛ ክፍል» የሚል ካርድ ሰጡ። አንቲባዮቲኩንም የኮሮና ምርመራውንም አንድ ላይ ጀመሩ፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ይህ ካርድ ዋጋው የወረቀት ዋጋ ነው። ኮሮና ቢያልፍም መቀጠል ያለበት ይመስለኛል።

የቤት ነገርም አለ። ወሎ ላይ ሰው ሲታመም ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ዱዓ ይደረጋል፣ ጠበል ይመጣል፣ ቡና ይፈላል። ጠያቂ መድኃኒት ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ነጭ የደም ሕዋሷ በወረደባቸው ቀናት የሚያስል ሰው ባይገባ ይሻላል። ስልክ ቢደውል ማንም አይቀየመውም። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተትም በእነዚያ ቀናት ይቅር። እጅ መታጠብ የኮሮና ፈጠራ አይደለም፤ የካንሰር ክፍል ነርሶች ከዚያ በፊትም ሲለፈልፉት ነበር።

አራት ሰው ያስፈራው ዓለም

ያኔ ብዙ ሐኪም የጠየቀው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ኬሞ ልስጥ ወይስ ላቁም? ኬሞ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ከሆነ፣ በወረርሽኝ መሀል መስጠት ሰውን ለቫይረስ አሳልፎ መስጠት አይሆንም?

የመጀመሪያው መልስ ከቻይና መጣ፤ በየካቲት 2012 ዓ.ም.። ተመራማሪዎች 1,590 የኮሮና ሕመምተኞችን መዝገብ አዩ። ከእነሱ ውስጥ ካንሰር ያለባቸው ወይም የነበረባቸው 18 ነበሩ። ከ18ቱ ውስጥ በጠና የታመሙት ወይም የሞቱት ከመቶ 39 ሆኑ፤ ካንሰር በሌለባቸው ላይ ግን ከመቶ 8 ብቻ። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ኬሞ ወይም ቀዶ ሕክምና ያገኙት ደግሞ ከአራት ሦስቱ በጠና ታመሙ። ከመቶ 75 ማለት ነው።

75 የሚለው ቁጥር ያስደነግጣል። ግን አራት ሰው ነው! ከጎተራ አንድ ጭብጥ ጤፍ አንስቶ የዓመቱን ምርት እንደ መገመት ነው። ተመራማሪዎቹን አልወቅስም፤ በእጃቸው የነበረው ያ ብቻ ነበር፣ ያላቸውንም በፍጥነት አካፈሉ። ችግሩ ቁጥሩ ከሰዎቹ ብዛት ተለይቶ መዞሩ ነው። «ኬሞ ላይ ያለ ሰው ኮሮና ከያዘው አለቀለት» የሚለው ወሬ መሠረቱ ጠባብ ነበር።

በግንቦት ወር ሰፋ ያለ መረጃ ወጣ። በእንግሊዝ ሐኪሞች ከየሆስፒታሉ መረጃ የሚልኩበት አንድ መዝገብ በጥቂት ሳምንታት አቋቁመው ነበር። ኮሮና የያዛቸው 800 የካንሰር ሕመምተኞች ተመዘገቡ። 226ቱ ሞቱ። ብዙ ነው። ግን ማን እንደሞተ በጥንቃቄ ሲታይ ሥዕሉ ተለወጠ። የሚሞቱት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉት፣ ወንዶች፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸው ነበሩ። እነዚህ ነገሮች ተነጻጽረው ሲቀነሱ፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ኬሞ መውሰድ ብቻውን ሞትን እንደጨመረ የሚያሳይ ነገር አልተገኘም።

ይህ «ተነጻጽረው ሲቀነሱ» የሚለው ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ካንሰር ያለበት ሰው በአማካይ አረጋዊ ነው። አረጋዊ ደግሞ ካንሰር ባይኖርበትም ኮሮና ይበረታበታል። ስለዚህ «ካንሰር ያለበት ብዙ ሞተ» ሲባል፣ የገደለው ካንሰሩ ነው ወይስ ዕድሜው? ይህን ለመለየት የ70 ዓመቱን ከ70 ዓመቱ፣ ስኳር ያለበትን ስኳር ካለበት ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። በአራት ሰው ይህን ማድረግ አይቻልም። በ800 ሰው ይቻላል።

አንድ ቡድን ግን ከዚህ ተለይቶ ቀረ። የደም ካንሰር፣ ማለትም እንደ ሉኪሚያ ያለው፣ ያለባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ለኮሮና ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። ይህም የሚጠበቅ ነው፤ በሽታው ራሱ የሰውነትን መከላከያ ነው የሚያጠቃው። በኋላ ክትባት ሲመጣም ለብዙዎቻቸው በቂ መከላከያ አላመነጨም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መከላከያቸው ለተዳከመ ሰዎች ተጨማሪ ክትባት ይሰጥ ያለው ለዚህ ነው። አብረዋቸው የሚኖሩ ሰዎች መከተባቸው ደግሞ የእነሱ ሁለተኛ አጥር ነው።

አራት ሳምንት ስንት ነው?

በሌላ በኩል የመዘግየት ዋጋ በቁጥር ወጣ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በካናዳና በእንግሊዝ ያሉ ተመራማሪዎች 34 ጥናቶችን ሰብስበው አዩ፤ በድምሩ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሕመምተኛ ያለባቸው። ያገኙት ይህ ነው፦ ሕክምና በአራት ሳምንት ሲዘገይ የመሞት ዕድል ከመቶ 6 እስከ 13 እጅ ይጨምራል፤ እንደ ካንሰሩና እንደ ሕክምናው ዓይነት። ለጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ስምንት ሳምንት መዘግየት ከመቶ 17፣ አሥራ ሁለት ሳምንት ከመቶ 26 ገደማ ይጨምራል።

ይህንንም በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል። ከመቶ ሴቶች 26 ተጨማሪ ይሞታሉ ማለት አይደለም። ለምሳሌ በጊዜው ቢታከሙ ከመቶ ሴቶች 20ዎቹ የሚሞቱ ቢሆን፣ በሦስት ወር መዘግየት ወደ 25 ይጠጋሉ ማለት ነው። አምስት ሴት። ለአንዲት ሴት ስናስበው ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ለአንድ ዞን ስናስበው ግን ብዙ ቤት ነው።

እና ሦስት ወር ለወሎ ሰው ምንድን ነው? ናሙና ሰጥቶ ውጤት መጠበቅ፣ ከብት ሸጦ ገንዘብ ማዘጋጀት፣ አልጋ ማግኘት። ያለ ምንም ወረርሽኝ ሦስት ወር ይበላል። ሌላው ዓለም በኮሮና የደነገጠበት መዘግየት እኛ ዘንድ የዘወትር ነው። ሐቁ ይህ ነው፤ ሲጽፉትም ይከብዳል።

ታዲያ ሁሉንም በአንዴ ማከም በማይቻልበት ጊዜ ማን ይቅደም? ሐኪሞች ሕመምተኛን በሦስት መደብ መክፈል ጀመሩ። አንዳንዱ አንድ ሳምንት እንኳ አይጠብቅም፤ ድንገተኛ የደም ካንሰር፣ በልጆች ላይ በፍጥነት የሚያድግ ዕጢ፣ አንጀት የዘጋ ካንሰር እንዲህ ነው። አንዳንዱ ሳምንታት ይታገሣል። አንዳንዱ፣ ለምሳሌ ቀስ ብሎ የሚያድግ የፕሮስቴት ካንሰር፣ ወራት ሊቆይ ይችላል።

መሀል ላይ አንድ ብልኀት አለ፤ ለእኛ የሚሆን። ብዙ የጡት ካንሰር የሚያድገው በሴት ሆርሞን ነው። በኢትዮጵያም አብዛኛው እንዲህ ያለ መሆኑን ጥናቶች አሳይተዋል። ለእንዲህ ያለው ካንሰር ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን አለ። በቀን አንዴ በአፍ ይዋጣል፤ ብዙውን ጊዜ ለአምስት ዓመትና ከዚያ በላይ። በወረርሽኙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ሲገፋ፣ ሐኪሞች «እስኪደርስሽ ይህን ጀምሪ» እያሉ ሆርሞን የሚያግድ ክኒን ሰጡ። ካንሰሩን ባለበት ይይዘዋል፤ አንዳንዴም ያሳንሰዋል። አልጋ አይፈልግም፣ መርፌ አይፈልግም። ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ መሆኑን ለማወቅ ግን ናሙናው ላይ ሌላ ምርመራ መሠራት አለበት፤ ያ ምርመራ ደግሞ በየከተማው አይገኝም። ክኒኑ ርካሽ ሆኖ ምርመራው ሩቅ መሆኑ ነው የሚያናድደው።

አምስት ሳምንት የነበረው ጨረር

ከሁሉ በላይ የገረመኝ የጨረሩ ነገር ነው።

የጨረር ሕክምና በአንድ ቀን አይሰጥም። መጠኑ ተከፋፍሎ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይሰጣል። ምክንያቱም ጤነኛው ሥጋ በመሀል ራሱን እንዲጠግን ነው። የአንድ ቀኑ ሕክምና ራሱ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ግን ለጡት ካንሰር ለረጅም ዘመን የተለመደው አምስት ሳምንት ያህል መመላለስ ነበር። በኋላ ሦስት ሳምንት፣ 15 ጊዜ፣ በቂ መሆኑ ታወቀ።

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም.፣ ልክ ዓለም በሩን በዘጋበት ሰሞን፣ የአንድ የእንግሊዝ ጥናት ውጤት ታተመ። ጥናቱ ከኮሮና በፊት ለዓመታት ሲካሄድ የቆየ ነው። ከ4 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። አንዱ ወገን በሦስት ሳምንት 15 ጊዜ ጨረር ወሰደ። ሌላው በአንድ ሳምንት አምስት ጊዜ ብቻ፣ በየቀኑ ከፍ ያለ መጠን። አምስት ዓመት ተከታትለው ሲያዩ፣ ካንሰሩ ተመልሶ በመምጣቱ ረገድ የአንድ ሳምንቱ ከሦስት ሳምንቱ የማያንስ ሆኖ ተገኘ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ሐኪሞች ይህን ለመቀበል ዓመታት ይፈጅባቸው ነበር። ሕክምና ልማዱን ቶሎ አይለቅም። ኮሮና ግን አጣደፈው። ሕመምተኛ 15 ጊዜ ሆስፒታል ከሚገባ አምስት ጊዜ ቢገባ ለቫይረሱ የሚጋለጠው ያንሳል ተባለና በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች ብዙ ማዕከላት ወዲያው ወደ አምስቱ ዞሩ።

እነሱ ያሰቡት ቫይረሱን ነው። እኔ የማስበው ደግሞ ጥቁር አንበሳ አካባቢ አልጋ ይዛ የምትከርመውን የወሎ ሴት ነው። ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ መቆየት ማለት የራስ አልጋ፣ የአስታማሚ ምግብ፣ የታክሲ፣ ቤት ውስጥ የቀሩት ልጆች ማለት ነው። ጨረሩ ራሱ ቢታገዝ እንኳ ይህ ወጪ አይታገዝም። እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ማኅበራት ከክልል ለሚመጡ ሕመምተኞች ማረፊያ ይሰጣሉ፤ እግዜር ይስጣቸው፤ ግን ቦታው ውስን ነው። አምስት ቀን ከሆነ ግን ሰኞ ጀምሮ ዓርብ ማለቅ ነው። በዚያው ማሽን ላይ ደግሞ ሦስት እጥፍ ሴቶች ይስተናገዳሉ። ወረፋውም ያጥራል።

ነገሩን ከልክ በላይ እንዳላሳምረው ግን እፈራለሁ። የአንድ ሳምንቱ ጨረር የተጠናው ገና ባልተስፋፋ የጡት ካንሰር ላይ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ነው። ዘግይተው ለሚመጡ ብዙ ሴቶቻችን ላይሆን ይችላል። ማሽኑም፣ የሚያቅደው ባለሙያም ጥራት ያለው መሆን አለበት። የማኅፀን በር ካንሰር ጨረር ደግሞ አሁንም ሳምንታት ይፈጃል፤ ከውጭ ከሚሰጠው ሌላ ከውስጥ የሚሰጥም አለው። ስለዚህ «ለምን አምስት ቀን አላደረጋችሁልኝም» ብሎ ከሐኪም መጣላት አያስፈልግም። «ለኔ ዓይነት አጭሩ ይሆናል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን መብት ነው።

ቤተ ሙከራው ሲዘጋ

ምርምሩስ? እሱም ተመትቷል። ቤተ ሙከራዎች ተዘጉ። አዲስ መድኃኒት የሚሞክሩ ጥናቶች ሰው መቀበል አቆሙ። ከሕዝብ መዋጮ የሚኖሩ ድርጅቶች ገንዘብ አጠራቸው፤ የእንግሊዙ ካንሰር ሪሰርች ዩኬ ለምርምር ከሚሰጠው ላይ 44 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚቀንስ አሳወቀ። የእነዚያ ወራት ኪሳራ ዛሬ አይታይም፤ ሳይገኝ የቀረን መድኃኒት ማን ይቆጥረዋል?

ግን አንድ በር ተከፈተ። ድሮ በጥናት ላይ ያለ ሕመምተኛ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ወደ ትልቁ ሆስፒታል መምጣት ነበረበት። በ2012 የአሜሪካና የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ሕጉን ላላ አደረጉት። በስልክ ማነጋገር ተፈቀደ። ክኒን ወደ ቤት መላክ ተፈቀደ። ደም በአቅራቢያ ባለ ላቦራቶሪ መለካት ተፈቀደ። ከዚያ በፊት «አይሆንም» ሲባል የኖረ ነገር በሳምንታት ውስጥ ሆነ። እንግዲህ ለባቲ ወይም ለመካነ ሰላም ሰው ወደ ምርምር የሚያስገባው መንገድ ይህ ነው። ሰው ወደ ጥናቱ ካልደረሰ ጥናቱ ወደ ሰው ይምጣ።

ከጎረቤታችን ከኬንያ የመጣ ጥሩ ምሳሌ አለ። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው፤ ክትባትም አለው። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀመረች፤ ያኔ ሁለት ጊዜ ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤት ሲዘጋ የክትባቱም በር አብሮ ተዘጋ። የመጀመሪያውን የወሰደች ልጅ ሁለተኛውን የት ታገኘዋለች?

በዚያው ጊዜ ኬንያ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያሉ 2,275 ወጣት ሴቶችን ይዞ አንድ ጥናት እየተካሄደ ነበር። ጥያቄው አንድ ክትባት ብቻ ይበቃል ወይ የሚል ነው። ወረርሽኙ በመሀል መጣ፤ ክትትሉ ግን አልተቋረጠም። ውጤቱ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ታተመ። ከ18 ወር በኋላ አንዱ ክትባት ብቻ ዋነኞቹን ሁለት የቫይረስ ዓይነቶች ከመቶ 97.5 ተከላከለ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ዓ.ም. አንድ ጊዜ መስጠት እንደ አማራጭ ይበቃል አለ። ሁለተኛ ቀጠሮ የለም ማለት በወረርሽኝም በጦርነትም የሚጠፋ ቀጠሮ የለም ማለት ነው። ለዋግና ለላስታ ተራሮች ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል!

«በኮሮና ሰበብ የካንሰር ክትባት ተገኘ» የሚለውን ወሬ ግን ቀነስ አድርጋችሁ ስሙት። እንዲያውም ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። ከኮሮና ክትባት ሠሪዎች አንዱ የሆነው ባዮንቴክ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን ባልና ሚስቱ መሥራቾች የተነሡት ካንሰርን ለመዋጋት ነው። ለካንሰር ሲሠሩበት የነበረውን ቴክኖሎጂ ለኮሮና አዋሉት፤ አሁን ደግሞ እነሱም ሌሎችም ወደ ካንሰሩ ተመልሰዋል። በሌላው የኮሮና ክትባት ሠሪ በሞደርና በኩል 157 የቆዳ ካንሰር ሕመምተኞች ላይ የተሞከረው የካንሰር ክትባት ተስፋ ሰጥቷል። ፋርማሲ ሄዶ የሚገዛ ነገር ግን አይደለም።

መንገድ ሲዘጋ

ኮሮናው ሳይወጣ በጥቅምት መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ገባ። ሆስፒታሉ ተዘረፈ። ሕመምተኛው በየፊናው ተበተነ። አንዳንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዳንዱ አዲስ አበባ፣ አንዳንዱ ዘመድ ቤት። ለኬሞ ሕመምተኛ ይህ ከወረርሽኝ የከፋ ነው፤ አዲሱ ሐኪም ከየት እንደሚቀጥል አያውቅማ።

ስለዚህ ዛሬ በሰላሙ ጊዜ ሦስት ነገር ፎቶ አንስቶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። አንዱ የፓቶሎጂ ውጤት ነው፤ ያለሱ የትኛውም ሐኪም ኬሞ አይጀምርም፣ ናሙናም እንደገና ሊወሰድ ነው። ሁለተኛው የመድኃኒቶቹ ስምና መጠን። ሦስተኛው ስንተኛ ዙር ላይ እንደሆኑና የመጨረሻው መቼ እንደተሰጠ። የዙሩ ቁጥር ለወግ አይደለም። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው፣ ሲሰጥ ቀይ የሆነው የጡት ካንሰር መድኃኒት፣ በዕድሜ ልክ ሊወሰድ የሚችልበት ጣሪያ አለው። ካለፈ ልብን ይጎዳል። ስንት እንደወሰዱ የማያውቅ ሐኪም ወይ ያሳንሳል ወይ ያበዛል። ፎቶውን ለልጅ ወይም ለወንድም በቴሌግራም መላክም አይከፋም፤ ስልክ ይጠፋልና።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን ወይም ነርሷን ይጠይቁ፦ «መንገድ ቢዘጋ ወይም ይህ ክፍል ቢዘጋ ወዴት ልሂድ? በየትኛው ስልክ ልደውል? ትኩሳት ቢይዘኝ በአቅራቢያዬ ካለ ጤና ጣቢያ ምን ይስጡኝ ልበል?» መልሱን እዚያው ካርዱ ጀርባ ላይ ያጽፉት። አንድ ዙር ካመለጠ ደግሞ ሁለቱን ባንዴ ማካካስ የለም፤ ክኒንም ቢሆን አይደረብም። የስንት ቀን መዘግየት እንደሆነ ተናግሮ፣ ደም ተለክቶ፣ ሐኪሙ ከሚወስንበት መቀጠል ነው።